የጉዝጓዝ ሰፈር ገመድ ፈቺ

ይህ ታሪክ ከአናቱ እስከ እግሩ እውነት ነው። ብዋሽ የአምባዛ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ይቁም። «አሳው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ይሄማ ቀላል መሐላ ነው» የምትሉ ካላችሁ ደግሞ፣ እሺ፣ በቀረችኝ አንዲት መንጋጋ እምላለሁ፤ እሷ ከሄደች ቆሎ በዐይኔ ነው የምቆረጥመው። ዋሾ ነው የሚሉኝ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እነሱ ጣና ላይ ኖረው አያውቁም፣ እኔም እነሱ ቤት ኖሬ አላውቅም፣ ስለዚህ እኩል ነን።

ነገሩ የሆነው ጣና ከዳር እስከ ዳር እምቦጭ ከለበሰ በኋላ ነው። እምቦጩ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ አበባው ሐምራዊ ነበርና ሙሽሮች አጠገቡ ፎቶ ይነሱ ነበር ይባላል። ከዚያ ሰው ወጥቶ በእጁ ነቀለው። ማሽን መጥቶ ነቀለው፣ ማሽኑ ተበላሸ። ስብሰባ ተጠርቶ በቃል ተነቀለ፤ እምቦጩ ግን ስብሰባው ላይ አልተገኘም ነበርና ውሳኔውን አልሰማም። አሮጌው እየበሰበሰ አዲሱ በላዩ እየበቀለ፣ ጀርባው እየወፈረ ሄደ። አንድ ቀን መሬት ያጣ ገበሬ በላዩ ቆሞ ሳይሰምጥ ቀረ። በነጋታው ሚስቱን አመጣ። በማግስቱ በሬውን አመጣ። በሬው ሰመጠ፣ እነሱ ግን ቀሩ።

የዚህ ታሪክ ባለቤት አንማው በተወለደበት ዘመን ሐይቁ ላይ መኖር ለማንም የሚያስገርም ነገር አልነበረም። ወፍራሙን እምቦጭ ቁራሽ ይሉታል፤ ቤት የሚሠራው እሱ ላይ ነው። በቁራሽና በቁራሽ መካከል ያለውን ስስ እምቦጭ ልል ይሉታል፤ ልል እግር አይሸከምም፣ መቅዘፊያም አያስገባም። ታንኳ ለመቅዘፍ ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃው ደግሞ ከታች ነው።

ቁራሽ ነፋስ ሲመታው ይሄዳል። ሰኞ ዘጌን አይቶ የተኛ ሰው ሐሙስ ጎርጎራን አይቶ ይነሳል። ለዚህ ነው እድር የተፈጠረው። የጉዝጓዝ ሰፈር እድር ለቀስተኛ ድንኳን አይተክልም፣ ንፍሮ አይቀቅልም። የእድሩ ሥራ ገመድ ነው። በሰፈሩ መሐል አንድ ረጅም ወፍራም ቁራሽ አለ፤ መንገድ ይባላል፤ የብስ ድረስ በተዘረጋ የብረት ሽቦ ታስሯል። ቤቶቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ላይ እንደ ጥጃ ታስረው ይቆማሉ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ የእድር ገመድ፣ አንድ መሻገሪያ ሳንቃ።

ጠዋት ሰው ቁርስ ሳይበላ ወለሉን ያጎርሳል። ከሥር የበሰበሰውን ያህል ከላይ ትኩስ እምቦጭ ይጠቀጠቃል፤ ያልጎረሰ ወለል ባለቤቱን ይጎርሳል። ሰው ሁሉ ሰፊ የደንገል ጫማ አድርጎ ቀስ ብሎ ይራመዳል። የሚሮጥ የለም። ልጅ «እማ» ከማለቱ በፊት የሚሰማው ቃል «አትዝለል» ነው። በሠርግ የሚጨፈረው ከወገብ በላይ ብቻ ነው፤ ሙሽራው ደስታው እግሩ ላይ ከወረደ ሚዜዎቹ ትከሻውን ይዘው ያረጋጉታል። የአንማው ጎረቤት የቢሻው ጊደር አንድ ጊዜ በቢሻው ጓዳ ሰጥማ ማዶ ባለው ቤት ወለል ቀንዷን አስቀድማ ብቅ ብላለች። ያገኟት ሰዎች አልበው ነው የመለሷት። ጊደር እንዴት ትታለባለች አትበሉኝ፤ ከሥር ምን እንዳገኛት እኔ አላየሁም።

ወለል ሲጎርስ መንገዱ ዳር የተተከለው ድምፅ ማጉያ ይከፈታል። ከፋች የለውም፤ ፀሐይ ሲነካው ራሱ ይጀምራል። ከየት እንደሚናገር የሚያውቅ ጠፍቷል። ድምፁ የሴት ነው፣ ለስላሳ ነው፣ አርጅቶ አያውቅም። ሰፈሩ መምህርት ይላታል።

«እንደምን አደራችሁ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ታሪክ፣ ስለ ጤናና ስለ አካባቢ ነው» ትላለች። ከዚያ ጣና ውስጥ ቀረሶና አምባዛ የሚባሉ አሳዎች እንደነበሩ ትናገራለች። ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያና ከከተማ የወረደ ቆሻሻ እምቦጩን እንዴት እንዳጠገበው ትናገራለች። ቀጥላ፣ «የወባ ትንኝ እንቁላሏን ረግቶ በቆመ ውሃ ላይ ትጥላለች። እምቦጭ ማዕበሉን ስለሚያረጋጋ ለትንኝ የተመቸ መኝታ ነው። ወባ ከሰው ወደ ሰው በመነካካት፣ በመሳሳም ወይም ጎን ለጎን በመኖር አትተላለፍም» ትላለች።

ሰዉ ወለሉን እየጠቀጠቀ ራሱን ይነቀንቃል። የእድሩ ዳኛ አያ ዘርጋው፣ «ልክ ናት» ይላሉ ሁልጊዜ። «አንድ የተሳሳተችው ነገር የለም። ግን እሷ እዚህ አትኖርም።»

ትምህርቱ ሲያልቅ አያ ዘርጋው ጋቢያቸውን አስተካክለው በመንገዱ ላይ ይወርዳሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ደጁ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃቸዋል። ሁሉንም ጉንጭ ለጉንጭ ይስማሉ፤ እንዴት አደራችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትኩሳት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የብስ ሰዎች አንድ ጊዜ የሙቀት መለኪያ ሰጥተው ነበር። እድሩ ተሰብስቦ መለሰው፤ ሰው ሰላም ሲሉት እንጂ ሲለኩት ደስ አይለውም ተብሎ። የአያ ዘርጋው ጉንጭ ደግሞ አይሳሳትም ይባላል።

ትኩሳት የተገኘበት ቤት ገመዱ ተፈትቶ ከነታማሚው ለነፋስ ይለቀቃል። ምክንያቱም እህል የምታመጣው የብስ ጀልባ፣ እምቦጩን በስለት እየቆረጠች የምትመጣው ያቺ የብረት ጀልባ፣ ትኩሳት ያለበት ቤት ታስሮ ካየች ከሩቁ ዞራ ትመለሳለች። የብስ ሰው መምህርትን እንደኛው ሰምቷል፤ እንደኛው ነው የተጠቀመባት። ጤና ጣቢያውም የብስ ነው። የብስ ለመውጣት እድሩ ትኩሳት እንደሌለህ ይመሰክርልሃል። ስለዚህ የሚታከመው ጤነኛ ብቻ ነው።

አንማው የእድሩ ገመድ ፈቺ ነበር። ቆራጭ አይደለም፣ ፈቺ። ከሱ በፊት የነበረው ሰውዬ በማጭድ ይቆርጥ ነበርና ገመዱን ጨረሰው። አንማው የፈለገው ቋጠሮ ቢሆን አንዲት ክር ሳይበጥስ ይፈታል። መርፌ ለሚወጋ ሰው እንደሚባለው፣ እጁ ቀላል ነው ይሉት ነበር። ገመዱ በቤቱ ምሰሶ ዞሮ ሁለቱም ጫፉ መንገዱ ዳር ያለው ግንድ ላይ ይታሰራል። አንማው ሳንቃውን ያነሣል። ጀርባውን ለሚሄደው ቤት ይሰጣል። አንዱን ጫፍ ይፈታል፣ «ነፋስ ይመልሳችሁ» ይላል፣ በሌላው ጫፍ ገመዱን ስቦ ይጠቀልላል። ጠቅልሎ ሲጨርስ ይዞራል። ያኔ ፊት የሚባል ነገር አይታይም፤ ቤት ብቻ ነው የሚታየው፣ ያውም ትንሽ።

ጀርባ መስጠቱን ሰዉ እንደ ጨዋነት ቆጠረለት። ከኋላው ስሙን የሚጠሩት ነበሩ። ስሙ ሲጠራ አለመዞር ከሥራው ዋናው ነበር። ያን ያህል አይከብድም፤ ሲለምዱት ገመዱ ድምፅ ያለው ይመስላል፣ ድምፁም በገመዱ መጨረሻ ያልቃል።

አንድ ቀን አንድ ሸማኔና ሚስቱን ለቅቆ ወደ ቤቱ ሲገባ ልጁን እንጉዳይን ጋቢ ተጠቅልላ ጥግ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ጋቢው ይንቀጠቀጣል።

«መቼ ጀመራት?» አለ።

«አንተ ስትወጣ» አለች ሚስቱ ስመኝ። «እኔ ብርድ ነው ብዬ ነበር።»

«ብርድ ነው?»

«አይደለም።»

አንማው ጫማውን አወለቀ። ስመኝ ምሳ አቀረበችለት፣ በላ። የሌላ ሰው ቤት ወሬ የሰማ ያህል ነበር የተሰማው። እጁን ሲታጠብ ነው ጣቶቹ በራሳቸው አየር ላይ ቋጠሮ ሲፈቱ ያያቸው።

«ነገ ጠዋት አያ ዘርጋው ይስሟታል» አለች ስመኝ።

«አዎ።»

«እንግዲህ አንድ ነገር እናድርግ።»

«ምን?»

ስመኝ መልስ ሳትሰጥ ቢሻው ሳንቃውን እያንቋቋ ገባ። ቢሻው ብቻውን የሚኖር፣ ቁም ነገር ከሚናገር ቢሰምጥ የሚመርጥ ሰው ነው። ቤቱ የነሱን ቤት ተደግፎ የቆመ ያህል ቅርብ ነው።

«ምን እየፈጫችሁ ነው?» አለ። «የልጅቱ ጥርስ እኔ ጓዳ ድረስ ሽሮ ይፈጫል።»

ማንም አልሳቀም። ቢሻው እንጉዳይን አያት፣ ከዚያ ተቀመጠ።

«ለማን ልትነግር ነው?» አለችው ስመኝ።

«ለጊደሬ። እሷም ከሰመጠች ወዲህ ወሬ አታወጣም።» ጢሙን ፈተገ። «ስሙኝ። ጉንጭ የሚያውቀው ልዩነት ነው። ሽማግሌውን በጠዋት ቁርስ እጠራቸዋለሁ። እሳት አጠገብ አስቀምጬ አረቄ አጠጣቸዋለሁ። ጉንጫቸው ከጋለ ያገር ጉንጭ ሁሉ ይበርዳቸዋል።»

«አያ ዘርጋው አረቄ ከጠጡ ሁሉንም ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚስሙት» አለች ስመኝ። «ተወው። እኔ የልጄን ጉንጭ አበርዳለሁ።»

ወለሉን በጥቂቱ ገለጠችና ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከታች ሰደደችው። ከጨለማው ውሃ ያወጣችው የእምቦጭ ቅጠል እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር።

ሲነጋ መምህርት ስለ ትንኝ ስትናገር ስመኝ ከልጇ ጉንጭ ላይ ቅጠል እያነሣች ሌላ ትለጥፋለች። ደጅ እንድትቆም ጉልበት ይሰጣታል ብላ አጥሚት ጣደች። እሳቱ እምቢ አላት፤ ጎንበስ ብላ እፍ እፍ አለችበት፣ እንደገና እፍ አለች። ልጅቱ አጥሚቱን ጠጣች፣ ቆመች፣ አልወደቀችም። አያ ዘርጋው ሲደርሱ ስመኝ የመጨረሻውን ቅጠል በቀሚሷ ኪስ ከትታ ነበር።

አያ ዘርጋው አንማውን ሳሙት። «እንዴት አደርክ፣ እጀ ቀላል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ።»

ጎንበስ ብለው እንጉዳይን ሳሟት። «አንቺማ እንደ ውርጭ ነሽ፣ ልጄ። ደረብ አድርጊ እንጂ።» እንጉዳይ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ጥርሷ እንዳይንቀጠቀጥ መልሳ አፏን ገጠመች።

ከዚያ ስመኝን ሳሟት። ጉንጫቸው ጉንጯ ላይ ቆየ።

«ስመኝ።»

«አቤት፣ አያ።»

«መቼ ጀመረሽ?»

አንማው አፉን ከፈተ። እሳት ነው፣ አሁን ከምድጃ ነው የተነሳችው ሊል ነበር። ስመኝ በዐይኗ ዘጋችው። የእንጉዳይ ጉንጭ ከቅጠሉ ከተለየ ቆየት ብሏል፤ መቅላት ጀምሯል። አንድ ሰው ደግማችሁ ሳሟቸው ቢል፣ እናቲቱ ቀዝቅዛ ልጅቱ ግላ ትገኛለች።

«ዛሬ ነው የጀመረኝ» አለች ስመኝ።

«እግዚአብሔር ይማርሽ» አሉ አያ ዘርጋው፣ ሰው ሲያስነጥስ እንደሚባል። «ልጅቱ ደህና ናት። እሷ ትቅር።»

«ልጄን ይዤ ነው የምሄደው።»

«ጤነኛ ልጅ?»

«ማን ያበጥርላታል?»

አያ ዘርጋው ይህን አሰቡበት። ልክ ሆኖ አገኙት።

«እኔም እሄዳለሁ» አለ አንማው።

«አንተማ ትሄድ ነበር። ማን ይፈታል? ቢሻው? ቢሻው የሱሪውን ቋጠሮ በጥርሱ ነው የሚፈታው።»

«እኔ እፈታለሁ። ፈትቼ እሻገራለሁ።»

«ይሁን» አሉ ሽማግሌው። «ገመዱን ግን ጠቅልለህ አስረክብ። የእድር ነው።»

ነፋሱ ከደቡብ እስኪነሳ ተጠበቀ። ስመኝ የዳጉሳ ዱቄቱን ከእርጥበት ከፍ አድርጋ ሰቀለች፣ የአንማውን ሌላ ሸሚዝ አጠበች፣ ጣሪያው ሥር አሰጣችው። የምትለቀቅ ሳይሆን እንግዳ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ሰፈሩ መንገዱ ላይ ወጥቶ ቆመ። ሲለቀቅ ወጥቶ መቆም ደንብ ነው፤ ማልቀስ ደንብ አይደለም።

«አባ፣ ወዴት ነው የምንሄደው?» አለች እንጉዳይ ከበሩ።

«ነፋሱ ወደሚሄድበት።»

«እሱ የት ነው የሚሄደው?»

«ዛሬ ወደ ሰሜን።»

«አንተስ?»

«መጣሁ። ይችን ልጨርስና።»

አንማው ሳንቃውን አነሣ፤ ሳንቃም የእድር ነው። ሐሳቡ አንዱን ጫፍ ፈትቶ፣ ገመዱን ለአያ ዘርጋው ሰጥቶ፣ ቤቱ ገና ከመንገዱ ሳይርቅ መሻገር ነበር። አንድ እርምጃ ናት። ከቤቱ ሲወጣም ሲገባም ስንት ዘመን የተራመዳት እርምጃ።

ግንዱ ዘንድ ቆመ። ጀርባውን ሰጠ። ቋጠሮው ጣቶቹን አወቃቸው። ጫፉ ሲለቀቅ «ነፋስ ይመልሳችሁ» አለ፤ አፉ ነው ያለው። መሳብ ጀመረ። እርጥቡ ገመድ ክርኑና አውራ ጣቱ መሐል እየዞረ በሥርዓት ተቀመጠ፣ አንዱ ዙር ከሌላው ሳይበልጥ። ከኋላው አንድ ድምፅ «አንማው» አለ። ቀስ ያለ ድምፅ ነው። አልዞረም። ደግሞ ጠራው። ገመዱን ጠቀለለ፣ መጨረሻውን መሐሉ ላይ ሸጎጠ፣ ለአያ ዘርጋው አስረከበ።

«ንጹሕ ሥራ» አሉ አያ ዘርጋው።

ያኔ ዞረ።

ቤቱ ርቆ አልነበረም። በመንገዱና በቤቱ መካከል ያለው ልል ጎበዝ ቢዘለው የሚያልፍ ያህል ነበር። ስመኝ በሩ ላይ ቆማ እጇን ወደሱ ዘርግታለች።

«ዝለል» አለ ቢሻው አጠገቡ ሆኖ፣ በጆሮው።

አንማው ቃሉን ሰማው። ከተወለደ ጀምሮ የሰማው «አትዝለል» ነበር፤ ዝለል ሲባል ምን እንደሚደረግ እግሮቹ አያውቁም። ወደ ጫፉ ተጠጋ። ጉልበቱን አጠፈ፣ ሰው ልጅ ለማንሣት እንደሚያጥፈው፣ እንደዚያው ሆኖ ቆየ። ልሉ ሰፋ። ከዚያ ማንም ጎበዝ የማይዘለው ሆነ። እንጉዳይ እጇን አውለበለበች፤ የሰፈሩ ልጆች ለሚለቀቅ ቤት ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት፣ እሷ ግን ከወዲያ ማዶ ሆና። ስመኝ የዘረጋችውን እጇን ወደ ራሷ መለሰች፣ ልጅቱን ወደ ውስጥ አስገባች።

ሰዉ ጥቂት ቆይቶ ተበተነ። አንዲት ሴት ባለፈችበት፣ «ነፋስ ይመልሳል» አለችው። «አሜን» አላት።

ቢሻው ወደ ቤቱ ወሰደው። አንማው ከዚያ ወዲያ የቢሻውን ወለል ያጎርስ ነበር። ይበላል፣ ይተኛል። ጠዋት አያ ዘርጋው ይስሙትና «ደህና ነህ» ይሉታል፣ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ሁለቱም አይዋሹም። ጀልባዋ መጣች፣ እህል አራገፈች። ትኩሳቱ የልጅቱ እንጂ የእናቲቱ እንዳልነበረ ለማንም አልተናገረም፤ ምን ለውጥ ያመጣል? ቋጠሮው ከተፈታ በኋላ ለምን እንደተፈታ የሚጠይቅ በዚያ ሰፈር አልነበረም።

«ጀልባዋን ለምነህ ብትከተላቸው» አለው ቢሻው አንድ ጠዋት፣ እምቦጭ እየጠቀጠቁ።

«ወደ ትኩሳት አትሄድም።»

«እድሩን ብትጠይቅ።»

«ምን ብዬ? ረሳሁ ብዬ?»

ቢሻው እጁን አራገፈ። መምህርት ከውጭ ስለ ታሪክ ታወራለች፤ ድሮ የጣና ሰው በደንገል ታንኳ ከዳር ዳር ይሻገር እንደነበር።

«መርሳት አይደለም» አለ ቢሻው። «አንተ ሥራ አልረሳህም። ሥራው አንተን ረሳህ።» ቁም ነገር ስላመለጠው እንዳፈረ ሁሉ እምቦጩን ጠቀጠቀ። ከዚያ፣ «የደቡቡ ነፋስ መቼ ነው የሚነሳው?»

«ደመናው ከጠራ ነገ።»

«ጥሩ። ዛሬ አረቄ አለኝ፣ ነገ አይኖረኝም።»

በማግስቱ ጠዋት ቢሻው ከምድጃው ፊት ተቀመጠ። አረቄውን በትልቁ ጠጣ። ጉንጩን አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን ለእሳት እየሰጠ፣ እንደ በቆሎ እሸት ራሱን ጠበሰ። አንማው ቆሞ ያየዋል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አንተ መዝለል አልቻልክም። ቤቴ ትዝለል።»

«ቢሻው፣ ላትመለስ ትችላለህ።»

«ወዴት ነው የምመለሰው? እዚህ ያለኝ አንድ ጊደር ነው፣ እሷም ሰው ቤት ለምዳለች። ይልቅ አፌን ሽታው፤ አረቄ አረቄ ይላል?»

«ይላል።»

«እንግዲያ ነጭ ሽንኩርት ስጠኝ።»

አያ ዘርጋው መጡ። አንማውን ሳሙ፣ ደህና ነው። ቢሻውን ሳሙ፣ ደነገጡ። ጉንጫቸውን በእጃቸው ዳበሱ፣ የተቃጠለ ሰው እንደሚያደርገው።

«ይሄስ ከትኩሳትም ያለፈ ነው» አሉ። «ልጄ፣ አንተ እኮ ሞተሃል።»

«ከትናንት ወዲህ ነው፣ አያ» አለ ቢሻው፣ ዐይኑን እያስለመለመ።

«ነጭ ሽንኩርት በላህበት?»

«መድኃኒት ነው ብለውኝ።»

ሽማግሌው ወደ አንማው ዞሩ። «አንተ ወደ መንገዱ ውጣ። ሌላ ቤት እንፈልግልሃለን። ነፋሱ ሲነሳ ትፈታለህ።»

«እፈታለሁ» አለ አንማው።

ነፋሱ ተነሳ። ሰዉ ወጥቶ ቆመ። አንማው ወደ ግንዱ ሄደ፤ በዚህ ጊዜ ሳንቃውን አላነሣም። ጀርባውን ለመንገዱ፣ ፊቱን ለቤቱ ሰጠ። ለአንድ አፍታ ጣቶቹ ቋጠሮውን ማግኘት አቃታቸው፤ ከዚህ በኩል ሠርተውት አያውቁም። ዐይኑን ጨፈነ፣ አገኙት። አንዱን ጫፍ ፈታ። ሌላውንም ፈታ። ሁለቱንም በእጁ ጠቅልሎ ያዘ፣ ሳንቃውን ረገጠ፣ ገባ። ሳንቃው ከኋላው ልሉ ውስጥ ወደቀ።

በጉዝጓዝ ሰፈር ቤት ሲለቀቅ ከቆመው ሰው ጩኸት ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

«አንማው፣ ገመዱን እኮ» አሉ አያ ዘርጋው።

«ገመዱን ይዞ ሄደ» አለች አንዲት ሴት።

«የእድር ገመድ ነው» አለ ሌላ ሰው፣ «ወርውረው፣ ወዲህ ወርውረው።» ጫፉ ድረስ ተጠጉ። ሰዎቹ ተገፋፉ። እናት ከነልጇ ስትሄድ ቆመው ያዩ ሰዎች ለአንድ ጥቅል ገመድ እጃቸውን ዘረጉ። አንማው በሩ ላይ ተቀምጦ ፊታቸውን ያያል። ከመንገዱ ሆኖ ስንት ቤት ለቅቆ፣ የቆሙትን ከዚህ ወገን አይቷቸው አያውቅም ነበር። ብዙ ናቸው። ሁሉም ጫማቸውን በደንብ አስረዋል።

«ምን ይመስላሉ?» አለ ቢሻው ከውስጥ። አረቄው እየለቀቀው ነበርና ራሱን ይዞ ተጋድሟል።

«ሰው ይመስላሉ» አለ አንማው።

ነፋሱ ወደ ሰሜን ወሰዳቸው። ወለሉን ተራ በተራ ያጎርሱ ነበር። መንገድ ላይ ባዶ ቤቶች አጋጠሟቸው፤ አንዳንዱ ጣሪያው ብቻ ቀርቷል፣ አንዳንዱ ላይ አንማው የሚያውቀው በር አለ። የሸማኔውን ቤት በሸማ መጠምጠሚያው እንጨት ለየው። አልጠራም። ቢሻው በቀልድ ሊያሳልፈው ሞከረ፤ «ይሄ ሁሉ ቦታ የኪራይ ቤት ቢሆን ሀብታም ነበርክ» አለው። ከዚያ ቢሻውም ተነሥቶ ተራው ሳይደርስ ወለሉን ማጉረስ ጀመረ።

ጎርጎራ በሩቁ ስትታይ ደንገሉ የበዛበት ጥግ ላይ አንድ ቤት ተጠግቶ ቆሞ አዩ። ጣሪያው ሥር ሸሚዝ ተሰጥቷል። ሸሚዙ የአንማው ነው። አንማው ቆመ። ከጣሪያው ቀጭን ጭስ ወጥቶ ነፋሱ ወደሚሄድበት ያጋድላል።

አንማው ገመዱን ፈታ፣ አንዱን ጫፍ እጁ ላይ ጠምጥሞ ሌላውን ወረወረው። በሁለተኛው ውርወራ የዚያኛው ቤት ምሰሶ ያዘለት። ከዚያ መሳብ ጀመረ፤ ፊቱን ወደ ቤቱ አድርጎ፣ ሳይጠቀልል፣ ገመዱ እግሩ ሥር እንደፈለገ እየተዝረከረከ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ቢሻው ነው፤ አፉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት እያለ። እምቦጩ እንደማልኩት ነው፣ ጉንጩ እንደማልኩት ነው፣ ጊደሯ ሳትቀር እውነት ናት። ቤቱን አግኝተውታል፣ ሸሚዙም ጣሪያው ሥር ተሰጥቶ ነበር፣ ገመዱም ይዞለታል። ከዚያስ ብዬ ስጠይቀው ቢሻው የሚያወራው ስለ ገመዱ ብቻ ነው፤ እንዴት ያለ ጠንካራ ገመድ እንደነበር። እኔም አላስጨነቅሁትም። መንጋጋዬን ስለምፈልጋት ግን ይህችን ልናዘዝ፤ ከጣሪያው የወጣውን ጭስ እኔ ነኝ የጨመርኩት።